ለደንበኞቻችን፦ 200 የነበረው አክሲዮን እንዴት 20 ሆነ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ዘንድሮ ታክስ ልታሠሩ ከመጣችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቃችሁናል። "ድሮ የገዛሁት የሲቲግሩፕ አክሲዮን 200 ነበር፤ አሁን ስቴትመንቱ 20 ይላል። የቀረው የት ገባ?" ለእያንዳንዳችሁ ከምንመልስ ለሁላችሁም እንጻፍ ብለናል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የትም አልገባም። ሲቲግሩፕ የተባለው የአሜሪካ ባንክ በሜይ 2011 ሪቨርስ ስፕሊት የሚባለውን አደረገ። አሥር አክሲዮን ሰብስቦ በአንድ ተካ። አርብ ሜይ 6 በ4 ዶላር ተኩል ገደማ የዋለው አክሲዮን፣ ሰኞ በ45 ዶላር አካባቢ ገበያ ወጣ። አሥር ባለ አሥር ብር ሰጥቶ አንድ ድፍን መቶ እንደመቀበል ነው። ኪስ ውስጥ ያለው ያው ነው። 205 የነበረው ሰው 20 ደርሶት፣ ለቀረችው ግማሽ ጥሬ ገንዘብ ተከፍሎታል።

ለምን አስፈለገ? ብዙ ትልልቅ ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ ድርጅቶች) ከ5 ዶላር በታች የሆነ አክሲዮን እንዲገዙ መተዳደሪያቸው አይፈቅድላቸውም። ርካሽ አክሲዮን ደግሞ ጠዋት ገዝቶ ከሰዓት የሚሸጥ ነጋዴ ይበዛበታል። መልክ ማሳመርም አለበት፤ ለዚያን ያህል ባንክ 4 ዶላር አያምርም።

ታዲያ ገንዘባችሁ ምን በላው? ጉዳቱ የደረሰው ከስፕሊቱ በፊት ነው። አክሲዮኑ በ2007 መጀመሪያ ከ50 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በማርች 2009 ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ታየ። የቤት ብድር ቀውሱ ባንኩን አራቆተው፤ መንግሥት 45 ቢሊዮን ዶላር አስገባለት። ከዚያ ውስጥ 25 ቢሊዮኑ፣ አንዱ በ3.25 ዶላር ሒሳብ፣ እንደ እናንተው ወዳለ ተራ አክሲዮን ተለውጦ የመንግሥት ሆነ። ባንኩ ራሱም አዳዲስ አክሲዮን እያወጣ ሸጠ። በመጨረሻ 5 ቢሊዮን ገደማ የነበረው የአክሲዮን ብዛት 29 ቢሊዮን ደረሰ። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው። የእናንተ ጭልፋ አልተነካም፤ ወጡ ግን ቀጠነ። ስፕሊቱ 29 ቢሊዮኑን ወደ 2.9 ቢሊዮን ሲያወርደው ከሁሉም እኩል ስለቀነሰ፣ የቀጠነውን ወጥ አላወፈረውም።

የትርፍ ክፍፍሉን ብታዩ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። 200 አክሲዮን የነበረው ሰው በ2007 በየሦስት ወሩ 108 ዶላር ይደርሰው ነበር። ከስፕሊቱ በኋላ ያው ሰው በ20 አክሲዮኑ 20 ሳንቲም ደረሰው። አዎ፣ ሳንቲም። በ2025 መጨረሻ 12 ዶላር ደርሷል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠብቆ!

ባንኩ ካገገመ በኋላ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ እየገዛ ነው። 2.9 ቢሊዮን የነበረው በ2025 1.8 ቢሊዮን ገደማ ሆኗል። ይሄኛው ከስፕሊቱ ይለያል። የሸጠው ሰው ገንዘቡን ይዞ ይወጣል፤ ለቆየው ሰው ወጡ በትክክል ይወፍራል። ስለዚህ ባንክ ስትመርጡ የአንዱን አክሲዮን ዋጋ አይታችሁ ብቻ ረከሰ ወይም ተወደደ አትበሉ። የአክሲዮኑ ብዛት ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? አገር ቤት የባንክ አክሲዮን ያላችሁም፣ ባንኩ ካፒታል ሲያሳድግ "ቅድሚያ ግዙ" የሚለውን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አትጣሉት። ላለመግዛት ከወሰናችሁ ድርሻችሁ እንደሚቀጥን አውቃችሁ ይሁን።

አሁን ወደ እኛ ሥራ። ስፕሊቱ ራሱ ታክስ የለበትም፤ የተገዛበት ቀንም አይቀየርም። የአንዱ አክሲዮን መግዣ ዋጋ ግን በአሥር ይባዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ2007 200 አክሲዮን በ50 ዶላር ገዛችሁ እንበል፤ 10,000 ዶላር ወጣ። በ2025 20ውን በ100 ዶላር ሸጣችሁ፤ 2,000 ገባ። የ8,000 ዶላር ኪሳራ ነው። "መግዣዬ 50 ነበር" ብላችሁ በ20 ብታባዙት ግን 1,000 ዶላር ያተረፋችሁ ይመስላል። በከሰራችሁበት ታክስ ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

አክሲዮኑን የሚገዛና የሚሸጥላችሁ ብሮከር አያስተካክለውም ወይ? ከ2011 በፊት ለተገዛ አክሲዮን የመግዣ ዋጋውን ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። ብሮከሩ በሚልክላችሁ የሽያጭ ፎርም ላይ የመግዣ ዋጋው ቦታ ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ኪሳራው መጀመሪያ ከሌላ የአክሲዮን ትርፋችሁ ላይ ይቀነሳል። ከዚያ የተረፈው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከደመወዛችሁ ላይ ይቀነሳል፤ ቀሪው ለሚቀጥሉት ዓመታት ይተላለፋል።

እባካችሁ ለቀጠሯችሁ ስትመጡ የድሮውን የግዢ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ወረቀቱ ከጠፋ የገዛችሁበትን ቀን ብቻ አስታውሱ፤ የዚያን ዕለት ዋጋ እኛ እንፈልገዋለን። የትርፍ ክፍፍሉ በራሱ አክሲዮን ሲገዛበት የቆየ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ደውሉልን፤ እሱ በአንድ ቀጠሮ አያልቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብና የታክስ ቢሯችሁ