ፕሮግራሙ «አልመዘግብም» የሚለው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ የምትደውሉልን የእህል ነጋዴዎችና ማኅበራት አንድ ጥያቄ ትደጋግማላችሁ። «እህሉን መዝነን፣ ደረሰኙን ሞልተን ሴቭ ስንል ለምን እምቢ ይለናል?» ሰሞኑን ደግሞ «ይሄን ቁጥጥር አጥፉልን» ያላችሁን አላችሁ። አናጠፋውም። ምክንያታችን ይኸው።

ስክሪኑ ላይ አንድ ሆኖ የምታዩት ደረሰኝ ዳታቤዙ (የፕሮግራሙ የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ ሦስት ቦታ ይቀመጣል። አቅራቢው በአንድ ሰንጠረዥ፣ ደረሰኙ በሌላ፣ የእህሉ ዓይነትና ኩንታሉ በሦስተኛው። የሚያያዙት በመለያ ቁጥር ነው። በስም ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር። ያንኑ ሰው አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፈዋል። በስም እስከነአባቱ የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችም ከአንድ ቀበሌ አይጠፉም።

ደረሰኙ ላይ ያለው የአቅራቢ ቁጥር ፎሪን ኪ ይባላል። ቁጥሩ ያልተመዘገበ አቅራቢን ከጠቆመ ዳታቤዙ አይቀበለውም። ቢቀበል ኖሮ ሒሳብ ስትዘጉ የማን እንደሆነ የማይታወቅ 40 ኩንታል በቆሎ ታቅፋችሁ ትቀሩ ነበር።

ስለዚህ ወረፋ አለው። መጀመሪያ አቅራቢው፣ ቀጥሎ ደረሰኙ፣ ከዚያ ዝርዝሩ ይገባል። ሲሰረዝ ተገላቢጦሽ ነው። እስካሁን ወረፋውን የምታስጠብቁት እናንተ ነበራችሁ። አዲስ አቅራቢ ሲመጣ ደረሰኙን ትታችሁ፣ ሰውየውን መዝግባችሁ ትመለሳላችሁ። በገበያ ቀን ይሄ ያሰለቻል። በአዲሱ ቨርዥን ሁሉንም እዚያው ደረሰኙ ላይ ትሞላላችሁ፤ ማን እንደሚቀድም ፕሮግራሙ ራሱ ይለያል።

ሦስቱም የሚገቡት በአንድ ትራንዛክሽን ነው። ወይ ሁሉም ይገባል፣ ወይ አንዱም አይገባም። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ (ስለ መብራት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው) ግማሽ ደረሰኝ አይቀርም። ያን ደረሰኝ ግን እንደገና መሙላት ይኖርባችኋል።

ያስቸገረን የማኅበራት ምዝገባ ነበር። ማኅበሩ ያለ ሰብሳቢ አይመዘገብም፤ ሰብሳቢው ደግሞ አስቀድሞ የማኅበሩ አባል መሆን አለበት። ማን ይቅደም? ለማኅበራት የምንጠቀምበት ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ መፍትሔ አለው፤ የፎሪን ኪውን ፍተሻ ትራንዛክሽኑ እስኪጠናቀቅ ማዘግየት ይፈቅዳል። ሁለቱም ይገባሉ፣ ፍተሻው መጨረሻ ላይ ይደረጋል። ቁጥጥሩ አልላላም፣ ሰዓቱ ብቻ ነው የተቀየረው።

በአንድ ላፕቶፕ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ አደራ አለን። የእናንተ ዳታ ያለው ኤስኪውላይት የተባለ፣ መረጃውን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ላይ ነው። ኤስኪውላይት አብዛኛውን ጊዜ የፎሪን ኪውን ቁጥጥር አጥፍቶ ነው የሚጀምረው፤ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ማብራት ያስፈልጋል። የእኛ ፕሮግራም ያበራዋል። ኮምፒውተር የሚነካካ ጎረምሳ በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ «ላስተካክልላችሁ» ቢል ግን ቁጥጥሩ ላይበራ ይችላል፤ አቅራቢውን ሰርዞ ደረሰኞቹን ባለቤት አልባ ያደርጋቸዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ከጠረጠራችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ብቅ በሉ። የተበጠሱትን መዝገቦች ለቅሞ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ፣ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አብረን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር
ደብረ ማርቆስ