የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ ጳጉሜንን ያስገባ ካታሎግ

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ነው የከረመው፤ የቤተ መጻሕፍታችንን ካታሎግ በኤክስኤምኤል (መረጃን ስም በተሰጣቸው ምልክቶች እየከፈሉ በሚጽፉበት የፋይል ቋንቋ) ማዘጋጀት። አራት ኪሎ ተቀምጠን፣ አብርኾት ቤተ መጻሕፍት ቅርባችን ሆኖ፣ እኛ መጽሐፍ በአሮጌ መዝገብ መፈለጋችን ተማሪዎቹን ከንክኗቸው ነበር።

መረጃውን መክተቡ ብዙ አላስቸገረም። ያለፋን ስኪማው ነው፤ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ምን፣ በምን ቅደም ተከተል መግባት እንዳለበት የሚወስነው ደንብ። መጀመሪያ ርዕስና ዓመት ብቻ ያለው «ኅትመት» የሚባል ታይፕ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ዕቃ ምን ምን መረጃ እንደሚይዝ የሚገልጽ ሞዴል፣ ሠራን። ከእሱ «መጽሐፍ»ንና «መጽሔት»ን አወጣን። አንዱ ደራሲ ጨመረ፣ ሌላው የእትም ቁጥር። እንዲህ ታይፕ ሲሰፋ አዲሱ ነገር ከነባሩ በኋላ ነው የሚቀጠለው። ደራሲን ከርዕስ ያስቀደሙ ልጆች ወዲያው ኤረር መጣባቸው።

ካታሎጉ ኅትመት በሚጠብቅበት ቦታ መጽሔት ማስገባት ይቻላል። ግን ኤለመንቱ (ፋይሉ ውስጥ ስም ያለው አንድ የመረጃ ክፍል) ላይ «ኤክስኤስአይ ታይፕ» በሚባል ምልክት ማንነቱን መናገር ግድ ነው። ሳይናገሩ የእትም ቁጥር ቢጨምሩ ፋይሉ ስኪማውን መከተሉን የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ ቫሊዴተሩ፣ አይቀበልም። በመጨረሻ «ኅትመት»ን አብስትራክት፣ ማለትም ለሌሎች መነሻ ብቻ እንጂ በቀጥታ የማይሠራበት፣ አደረግነው፤ ዓይነቱ ያልተለየ ዕቃ እንዳይመዘገብ። እኔ ይህን ውሳኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

ትልቁ ክርክር የተነሳው መጽሐፍ በተለገሰበት ቀን ላይ ነው። በጳጉሜን የመጣ ስጦታ 2016-13-03 ተብሎ ሲገባ፣ «ዴት» የሚባለው የቀን ታይፕ 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ መለሰው። አንዳንዶች «ከዴት የራሳችንን እናውጣ» አሉ። አይሆንም። ታይፕ ሲጠብ መነሻው የማይቀበለውን ሊቀበል አይችልም፤ 13ኛ ወር ከዴት አይወጣም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማንኛውንም ጽሑፍ ከሚቀበለው «ስትሪንግ» ተነስታ በፓተርን (የፊደልና የአሃዝ አደራደርን በሚወስን ደንብ) አጠበበችው። ዓመቱ አራት አሃዝ፤ ከ01 እስከ 12 ላሉት ወራት ቀኑ እስከ 30፣ ለ13ኛው እስከ 06። አዳራሹ በጭብጨባ ነው የተቀበላት፤ ይገባታልም።

የኤለመንቶቹን ስም በራሳችን ፊደል ጽፈናል። ኤክስኤምኤል 1.0 በ1998 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይህን አይፈቅድም ነበር። በእሱ የተፈቀደው በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም ነው። የቆየውን ደንብ የሚከተሉ ቫሊዴተሮች ዛሬም ስላሉ፣ የሚሠራልን እስኪገኝ ፈልገናል።

አንድ ነገር ይቀራል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ቢሆንም ፓተርናችን በየዓመቱ ያሳልፋታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ስኪማ 1.1 «አሰርት» በሚባለው ደንብ ዓመቱን ማስላት ያስችላል። በ2018 ዓ.ም. ሥራችን ከዚያ ይጀምራል፤ መግባት የምትፈልጉ መስከረም ላይ ኮምፒውተር ክፍል ኑ።