ጭሱን የሚተነፍሱት አስተናጋጆች ናቸው፦ ለአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመጠጥ ቤቶችና በምሽት ክበቦች ውስጥ የሲጋራ ማጨስ ክልከላው በምሽት ቁጥጥር እንዲደረግበት ስለመጠየቅ

በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ ግሮሰሪዎች ለዓመታት ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ብዙ ባልደረቦቼ በዚያው ሥራ ይተዳደራሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ እነርሱ ነው። የአጫሹን አመል ለማረም አልተነሣሁም፤ የራሱን ሳንባ ጉዳይ ለራሱ እተውለታለሁ። የሚያሳስበኝ እርሱ በሚያጨስበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአመሻሽ እስከ እኩለ ሌሊት ቆመው የሚያስተናግዱት፣ አብዛኞቹም ሲጋራ በአፋቸው ይዘው የማያውቁት ወጣት ሴቶች ጤና ነው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዚህ ጉዳይ የሚያሻማ ነገር አልተወም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ በማናቸውም የቤት ውስጥ ቦታና በማናቸውም የሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ ከበር፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም እንዲሁ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀች አገር ናት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ አዲስ ሕግ እንዲወጣ አልለምንም፤ የወጣው እንዲሠራ ነው የምለምነው።

ነገሩ በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል እንድገልጽላችሁ ፍቀዱልኝ። አዋጁ ከወጣ በኋላ መተርኮሻዎች ከየጠረጴዛው ተነሥተዋል። በእነርሱ ፋንታ የማኪያቶ ስኒ ማስቀመጫው ሰሃን ላይ በውኃ የራሰ ሶፍት ተዘርግቶ ይቀርባል፤ ሰው መጣ ሲባል ሶፍቱ ወደ ቆሻሻ መጣያ፣ ሰሃኑ ወደ ማጠቢያ ይሄድና ማስረጃ የሚባል ነገር አይቀርም። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ በየቤቱ ተለጥፏል፤ እኔ በመጨረሻ በሠራሁበት ቤት ግን የቢራ ፍሪጁ ከፊቱ ስለቆመ ደንበኛው ሊያነበው አይችልም ነበር። በበጋ አጫሹ በረንዳ ላይ ስለሚቀመጥ ጭሱ በከፊልም ቢሆን ወደ መንገዱ ይወጣል፣ ምንም እንኳ በረንዳውም ቢሆን ከበሩ 10 ሜትር የማይርቅ በመሆኑ በሕግ የተፈቀደ ባይሆንም። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡን ለመከላከል የበረንዳው ላስቲክ እስከ መሬት ይለቀቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ የሚያጨሰውም የማያጨሰውም ወደ ውስጥ ይጠቃለላል። በሐምሌና በነሐሴ ምሽቶች ከድራፍት ማሽኑ አጠገብ ሆኖ መጨረሻ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሰው መልክ መለየት ያስቸግር ነበር፤ ሒሳብ ዘግቼ ስቆጥር የብር ኖቶቹ ሳይቀሩ ጭስ ጭስ ይሸቱ ነበር። አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የነበረች ባልደረባችን «እባካችሁ እስክወልድ ድረስ ጓዳ ልሥራ» ብላ ስትጠይቅ፣ ጓዳ በቂ ሰው አለ የሚል መልስ ተሰጣትና ሥራዋን እስከ ተወችበት ቀን ድረስ ትሪ ይዛ በዚያው ጭስ ውስጥ ስትመላለስ ኖረች። ይህን የምጽፈው ያንን ቤት ለመክሰስ አይደለም፤ በአካባቢው ካሉት የከፋ ቤት አልነበረም፣ እንዲያውም ደመወዝ በቀኑ ይከፍል ነበር።

ሠራተኞቹ ራሳቸው ለምን አይናገሩም የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በአገራችን በግሉ ዘርፍ ላለ ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ አስተናጋጅ የምትኖረው ከደመወዟ ይልቅ ደንበኛ በሚተውላት ቲፕ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ማጨስ አይቻልም» ያለች እንደሆነ የዚያን ጠረጴዛ ቲፕ አጣች ማለት ነው፤ ደንበኛው ተቆጥቶ ከወጣ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ትጣላለች። ባለቤቱንም ቢሆን በደፈናው ጨካኝ ነው ብዬ ልፈርድበት አልችልም፤ እርሱ ሲከለክል ጎረቤቱ ካልከለከለ ደንበኛው መንገድ ተሻግሮ እንደሚቀመጥ ያውቃል። ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ካልተገደደ በቀር ቅን የሆነው ባለቤት የሚከስርበት ሁኔታ ነው ያለው፣ ይህንንም ሊያስተካክል የሚችለው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

መንግሥት በግል አመላችን ምን አገባው የሚሉ ወገኖችን ክርክር አልንቅም፤ እኔም በብዙው እስማማለሁ። አንድ አዋቂ ሰው በገዛ ገንዘቡ ጃምቦ ልደጋግም፣ ቁርጥ በየቀኑ ልብላ፣ ሻዬን በአራት ማንኪያ ስኳር ላጣፍጥ ቢል፣ የሚያስከትልበት ጉዳት በግልጽ ሊነገረው ይገባል እንጂ ገበታው ላይ ተቆጣጣሪ ሊቆምበት አይገባም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በእያንዳንዱ ፓኬት 8 ብር የጣለው በዚህ መንፈስ ይመስለኛል፤ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ምርጫውን ለሰውየው ትቶለታል። መጠጥም ቢሆን ሰካራም መሪ ሲጨብጥ ወይም ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ሲደበድብ የግል ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፣ ይህ ግን ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም። ጭስ ከአጫሹ አፍ ከወጣ በኋላ የሁሉም ነው። ደንበኛው ተነሥቶ መሄድ ይችላል፤ አስተናጋጇ አትችልም። እንግዲህ የግል ነፃነት የሚለው ክርክር በእኔ አስተያየት ከማንም በፊት የሚያገለግለው እርሷን ነው፤ አላጨስም ብላ መርጣለችና።

የጉዳቱ መጠን አከራካሪ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ኃላፊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ባወጡት ሪፖርት፣ በቤት ወይም በሥራ ቦታ ለሌሎች ሰዎች ጭስ የተጋለጠ የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ እንደሚጨምር አስታውቀዋል። ጉዳት የማያስከትል የጭስ መጠን እንደሌለና በአየር ማናፈሻ ማስወገድም እንደማይቻል ያው ሪፖርት ያስረዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ለጭስ ስትጋለጥ የሚወለደው ሕፃን ክብደት ይቀንሳል። አየርላንድ በ2004፣ በዚያው አቆጣጠር፣ መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በሁሉም የሥራ ቦታዎች ማጨስን በአገር ደረጃ በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ ስትሆን መነሻ ያደረገችው የሠራተኛውን ጤና ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመጠጥ ቤት ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የሳልና የመተንፈስ ችግራቸው መቀነሱን አሳይተዋል። በእኛ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ሰው ብቻ ነበር፤ ከሴቶች ደግሞ ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም ነበር። የጥቂቶች አመል ነው የብዙዎችን አየር የያዘው።

መንግሥት ሲፈልግ ማስፈጸም እንደሚችል ማጨስን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ራሱ ምስክር ነው። የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲከለከል፣ የበዓል ፕሮግራሞችን ሁሉ ሞልተውት የነበሩት የቢራ ማስታወቂያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከስክሪን ጠፍተዋል፤ ያውም ከባድ ገንዘብ ያላቸው ፋብሪካዎች እያሉ። ፋብሪካዎቹ ጥቂት፣ ግሮሰሪዎቹ ግን እጅግ ብዙ በመሆናቸው ሥራው እንደሚከብዳችሁ እገነዘባለሁ፤ ቢሆንም ቁጥጥሩ የሚደረግበትን ሰዓት መለወጥ ብቻውን ብዙ ለውጥ እንደሚያመጣ እርግጠኛ ነኝ። ተቆጣጣሪዎች በሠራሁባቸው ቤቶች ይመጡ የነበሩት በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው። ጓዳውን ያያሉ፣ የምግቡን ማለቂያ ቀን ያነባሉ፣ የሠራተኞችን የጤና ምርመራ ማስረጃ ይጠይቃሉ። እኛ ደንበኛውን በበሽታ እንዳንበክል እንመረመራለን፣ ተገቢም ነው፤ ደንበኛው እኛን ምን እያደረገን እንደሆነ የጠየቀን ሰው ግን አላስታውስም። ተቆጣጣሪዎቹ በሚመጡበት በዚያ ሰዓት ደግሞ አንድም ሲጋራ አይጨስም።

ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚሠራ፣ አስቀድሞ ሳያሳውቅ የሚገባ የቁጥጥር ቡድን እንድታሰማሩ፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ቤቶችም እንድትጀምሩ እጠይቃለሁ። ቅጣቱ በቤቱ ላይ እንጂ በአስተናጋጇ ላይ እንዳያርፍ፣ ጥቆማ ያቀረበች ሠራተኛም ስሟ እንዲጠበቅና በዚህ ምክንያት ከሥራ ብትባረር ከሥራና ክህሎት ቢሮ ጋር ሆናችሁ እንድትከላከሉላት እማጸናለሁ። ቁጥጥሩ የትልልቅ ሆቴሎችን ባርና ላውንጅ ዘልሎ በትንንሾቹ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ይሁን። በተለይ ደግሞ ትሪ በደረታቸው አንጠልጥለው ማስቲካ፣ ሶፍትና ሲጋራ በፍሬ የሚሸጡ ልጆችን አሯሩጦ ዕቃቸውን መውሰድ የዘመቻው ውጤት ተደርጎ እንዳይቆጠር አደራ እላለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጭስ በዚያ አይቀንስም።

የምሽት ቁጥጥሩ የሚጀመርበትን ጊዜና ሠራተኞች የሚደውሉበትን ቁጥር፣ በየመጠጥ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሠራተኛው በሚያነበው ቦታ እንዲለጠፍ በማድረግ በይፋ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

በፒያሳ አካባቢ በመጠጥ ቤቶች ሒሳብ ተቀባይ የነበረች ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥራና ክህሎት ቢሮ