ደብዳቤ ለልጄ፦ ያልሆንሽውን ዜግነት እንዳትጽፊ

ውድ ልጄ፣

ማመልከቻሽ ቶሎ እንዲያልቅልሽ በዜግነት ቦታ የአባትሽን ሀገር ሙዪ ብሎ የመከረሽ ሰው እንዳለ እህትሽ ከነገረችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እባክሽ፣ ያልሆንሽውን ዜግነት እንዳትጽፊ። ያ ሀገር አባትሽን እንኳ ዜጋዬ ብሎት አያውቅም፤ ዛሬ የእሱ ዜጋ ነኝ ብለሽ ብትፈርሚ፣ ነገ ሀገር አልባ መሆንሽን ስታስረጂ ፊርማሽ ይቀርብብሻል።

ስትወለጂ የሆነውን ታውቂዋለሽ። መዝጋቢው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ልጅ በአባቷ ነው የምትጠራው» አለና በዜግነት መስመሩ ላይ አጭር ሰረዝ አሰመረ። እኔ ዜግነት ነበረኝ፤ የሀገሬ ሕግ ግን እናት ለልጇ እንድታስተላልፍ አይፈቅድም ነበር። ዛሬም ከ20 በላይ በሆኑ ሀገሮች እናት በዚህ ጉዳይ ከአባት እኩል መብት የላትም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያቺ ሰረዝ ፊቴ ላይ ትደቀናለች፣ ደሜም ይፈላል።

አሁን አድምጪኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ስለ ሀገር አልባ ሰዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሀገር አልባ የሚለው የትኛውም ሀገር በሕጉ መሠረት ዜጋዬ ብሎ የማይቆጥረውን ሰው ነው። የዓለምን ሀገሮች ሁሉ መዞር አይጠበቅብሽም፤ በትውልድ፣ በወላጅ ወይም በኑሮ ግንኙነት ያለሽን ሀገሮች ብቻ ዜጋቸው መሆን አለመሆንሽን በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልስ ቢከለክሉሽም የላክሽበትን ደረሰኝ አስቀምጪ። የልደት ምስክር ወረቀትሽን ቅጂ እንጂ ዋናውን ለማንም አትስጪ።

ሀገር አልባነትሽ ቢታወቅልሽም ገና ዜግነት አገኘሽ ማለት አይደለም፤ ሆኖም የስምምነቱ አንቀጽ 32 ፈራሚ ሀገሮች ዜግነት የማግኘቱን መንገድ በተቻለ መጠን እንዲያቀሉ ያዛል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ በሆድሽ ያለው ነው፣ የእኔ ዓይን። ባልሽም እንዳንቺው ሀገር የለውም። ሀገር አልባነትን ለመቀነስ በ1961 የወጣውን ሌላ ስምምነት የተቀበለ ሀገር በግዛቱ ተወልዶ ሌላ ዜግነት ለማያገኝ ሕፃን የራሱን መስጠት አለበት፤ የምትኖሪበትም ሀገር ተቀብሎታል። አንቺ የሌለሽን ዜግነት ከጻፍሽ ግን ሕፃኑ በአንቺ በኩል ዜግነት አለው ተብሎ ይህ በር ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ደግሜ እልሻለሁ፣ እንዳትጽፊ!

በቃለ መጠይቁ ዕለት አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ቃልሽ ተነቦልሽ ሳትሰሚ አትፈርሚ። እንደወለድሽ ሕፃኑን ሳትውዪ ሳታድሪ አስመዝግቢው። የጋብቻ ሰነዳችንን የተረጋገጠ ትርጉም ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ስምሽና የአባትሽ ስም በማመልከቻሽ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን አይተሽ ዛሬውኑ ደውዪልኝ።

እናትሽ