ሸረሪትን በፎቶ ብቻ አትሰይሙብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ታራንቱላ የሚባሉትን ትልልቅ ፀጉራም ሸረሪቶች ቤታቸው ስለሚያሳድጉ የውጭ አገር ሰዎች ያወጣችሁትን አነበብኩ። ወድጄዋለሁ። «ዝርያዋን በእግሯ ቀለም በቀላሉ መለየት ይቻላል» የምትለዋ ነገር ግን አልተዋጠችልኝም። ከ1,000 በላይ ዝርያ አለ እኮ! አብዛኞቹ ደግሞ ቡኒና ጥቁር ናቸው።

እኔ የሸረሪት ሊቅ አይደለሁም። ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። በቀለም ጉዳይ ግን አትምጡብኝ። አንዷን ሙሽራ ጠዋት ፋሲል ግቢ ጥላ ውስጥ ሳነሳት ቬሎዋ ሰማያዊ ይመታል። ማታ አዳራሽ ውስጥ ያው ቬሎ ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስልክ ደግሞ ማንም ሳያዘው ቀለም ያደምቃል። በእንዲህ ያለ ፎቶ ዝርያ መሰየም ድፍረት ነው።

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ጀርመን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ጉልበቷ ቀይ የሆነ የሜክሲኮ ታራንቱላ አለችው (እናቱ እስከ ዛሬ ታማትባለች)። የሸጡለት ብራኪፔልማ ስሚቲ ናት ብለው ነው። እ.አ.አ በ2017 ግን የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ጉዳዩን መርምረው፣ በዚህ ስም ሲሸጡ ከኖሩት ብዙዎቹ ብራኪፔልማ ሃሞሪ የምትባል ሌላ ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ። የሁለቱም ጉልበት ቀይ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ እስኪ በአንተ ዓይን እያቸው» ብሎ የሁለቱንም ፎቶ ላከልኝ። አስፍቼ አየሁት። ጥርሶቿን በተሸከመው የፊቷ ክፍል ላይ ሃሞሪ ሁለት ፈዘዝ ያሉ ቡናማ መቀነቶች አሏት፤ ስሚቲ አንድ ብቻ። ፊት ለፊት በጥሩ ብርሃን ከተነሳች ይታያል። ሰው ሁሉ የሚያነሳት ግን ከላይ ነው።

ቀለሟም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም። ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ትደበዝዛለች፤ ከቀየረች በኋላ ደግሞ ቦግ ትላለች። የደቡብ አሜሪካዋ አቪኩላሪያ አቪኩላሪያ ስታድግ እግሯ ጠቁሮ ጫፉ ሮዝ ይሆናል። በልጅነቷ ተገላቢጦሽ ነው፤ እግሯ ሮዝ፣ ጫፉ ጥቁር።

የሚታመነው የጣለችው ቆዳ ነው። ልጁ በቪዲዮ አሳይቶኛል። የደረቀውን ቆዳ ጠብታ ሳሙና ባለበት ውኃ ነክሮ አለሰለሰው። ከዚያ የተጨማደደውን የሆዷን ክፍል በወረንጦ ቀስ እያለ ዘረጋው። ከውስጥ በኩል አራት ነጣ ያሉ ጠፍጣፋ ነገሮች አሉ፤ የምትተነፍስባቸው ናቸው። ከፊተኞቹ ሁለቱ መሃል፣ ሴት ከሆነች፣ የወንዱን ዘር የምታጠራቅምበት ከረጢት አለ። ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሲሆን የፊት መዳሰሻው ጫፍ ላይ ያለውን አካል ይመለከታሉ። ከየት አካባቢ እንደመጣች ማወቅም ትልቅ ነገር ነው።

«ስሟ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱን ቀይ ጉልበቶች አንድ ናቸው ብሎ ያዳቀለ ሰው ድቅል ይፈለፍላል። ከዚያ በኋላ ማን ይለያቸዋል? ደግሞም የአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ ሲቆጡ ከሆዳቸው የሚያሳክክ ፀጉር ይበትናሉ። የአፍሪካዎቹ ይህ ፀጉር የላቸውም፤ መከላከያቸው ንክሻ ነው። አሳዳጊው ይህን ሳያውቅ እጁን ባይሰድ ይሻለዋል።

የእኛ አገሩ ደግሞ ይብሳል። ከመተማ የመጣ ደንበኛዬ «ይቺን ታራንቱላ እጠብልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ፎቶው ላይ ያለችው የግመል ሸረሪት የሚሏት ናት። አሥር እግር ያላት ትመስላለች፤ ሁለቱ ግን መዳሰሻ ናቸው። ድር አታደራም። ስሟ ነው እንጂ ሸረሪትም አይደለች፣ የሩቅ ዘመድ ናት። አጥቤ ሰጠሁት፣ ነገርኩትም፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወደፊት ከፎቶው ሥር «ታራንቱላ» ብላችሁ ተዉት። የዝርያ ስም የግድ ካላችሁ፣ ከየት እንደመጣችና ቆዳዋን ማን እንዳየው አብራችሁ ጻፉልን። ፎቶዋንም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከፊቷም አውጡት።

ፎቶ አንሺው፣
ከጎንደር ፒያሳ