ለሂሩት፣ ስለ እማማ ዓይን

ይድረስ ለምወድሽ ወዳጄ ሂሩት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለጠፋሁበት ስንገናኝ ትወቅሺኛለሽ፤ አሁን ግን የላክሽውን የእማማን የምርመራ ወረቀትና ፎቶ አይቼ «አይዞሽ» ብቻ ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከሁሉ በፊት «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» የሚለውን የጎረቤት ወሬ ተይው። ሞራ ከፊት ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። የእማማ ሕመም በዕድሜ የሚመጣ የማኩላ መድከም (ኤኤምዲ) ነው፤ ያለውም ከኋላ፣ ብርሃን በሚቀበለው ሽፋን በሬቲናው መሀል፣ ማኩላ በሚባለው ቦታ ነው። ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ፊት የምንለየውና ፊደል የምናነበው ግን በእሱ ነው። በሩን ሳይስቱ እየገቡ የሰው መልክ የሚጠፋባቸው ለዚህ ነው።

ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች ሮድና ኮን ይባላሉ። ከሥራቸው አንድ ረድፍ ብቻ የሆነ ጠቆር ያለ የሴል ሽፋን አለ፤ ሐኪሞቹ አርፒኢ ይሉታል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ በየቀኑ ከጫፋቸው አንድ አስረኛ ያህሉን ያረጀ ክፍል ይጥላሉ፤ አርፒኢው ያንን ውጦ ይፈጫል፣ ከደም የመጣውን ምግብና ኦክስጅን ያሳልፍላቸዋል፣ የተጠቀሙበትን ቫይታሚን ኤ አድሶ ይመልስላቸዋል። ሥራው ዕድሜ ልክ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢሞት ደግሞ ተባዝቶ የሚተካው የለም ማለት ይቻላል። ያልተፈጨው ቅሪት፣ ሊፖፈስሲን የሚሉት፣ ዓመት በዓመት ሆዳቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ከበታቻቸው ያለው የብሩክ ሽፋንም በዕድሜ ይወፍራል፣ ቅባት ይይዛል፣ እንደተደፈነ ወንፊት ይሆናል። ወደ ደም ስሩ መውረድ ያቃተው ቆሻሻ በሁለቱ መካከል ይቋጠራል። ድሩዘን ማለት ያ ቋጠሮ ነው። ከ63 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) በታች የሆኑ ጥቂት ቋጠሮዎች በብዙ ሽማግሌ ዓይን ይገኛሉ፣ አያስደነግጡም። ከ125 በላይ የሆነው ትልቅ ይባላል፤ የእማማ ግራ ዓይን ላይ የተጻፈው እሱ ነው።

ከደጅ ወደ ጨለም ያለ ክፍል ሲገቡ ግድግዳ ይዘው ይቆማሉ ያልሽው እርጅና ብቻ አይደለም። ቀድመው የሚጎዱት የጨለማዎቹ ሴሎች፣ ሮዶቹ ናቸው፤ ቫይታሚን ኤው በወፈረው ሽፋንና በደከመው አርፒኢ በኩል ቀስ እያለ ስለሚደርሳቸው። ካሮት በማብላት አይፈታም፤ የጎደለው መንገዱ እንጂ ቫይታሚኑ አይደለም።

አሁን የኦሲቲውን፣ ማለትም የሬቲናውን ንብርብር በብርሃን ቆርጦ የሚያሳየውን ምርመራ ፎቶ አውጪና እዪው። በግራው ዓይን፣ ከታች እንደ ነጭ ክር የሚሄደው መስመር አርፒኢው ነው፤ ጎበጥ ጎበጥ ያለበት ቦታ ድሩዘኑ ነው። በቀኙ ግን ከመስመሩ በላይ ጥቁር ኪስ አለ። ጥቁሩ ፈሳሽ ነው። የተጎዳው አካባቢ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፤ በዚያ ጥሪ ከሥር ካለው ኮሮይድ ከሚባል ደም ስር የበዛበት ሽፋን አዲስ ደም ስር በቅሎ የብሩክን ሽፋን ሰብሮ ይገባል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ያፈሳል፣ ይደማል። እርጥቡ ዓይነት የሚባለው ይህ ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ ከመጋቢያቸው ተነጥለው ከቆዩ ይሞታሉ፣ ቦታቸውን ጠባሳ ይይዘዋል፤ ጠባሳውን ደግሞ መርፌ አይመልሰውም። ስለዚህ «ከበዓል በኋላ» የሚባል ቀጠሮ አትቀበዪ።

ለቀኙ ዓይን የሚሰጠው፣ ቪኢጂኤፍን የሚያግደው መርፌ አቫስቲን ከሆነ ርካሽ ነው ብለሽ አትናቂው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቁ ንጽጽር ከውዱ ሉሴንቲስ ጋር እኩል እይታ እንደሚሰጥ አሳይቷል። መጠኑ 1.25 ሚሊግራም፣ በ0.05 ሚሊ ሊትር ነው። መጀመሪያ ማደንዘዣ ጠብታ፣ ቀጥሎ 5 ፐርሰንት ፖቪዶን አዮዲን ይደረግላቸዋል። አዮዲኑ ያቃጥላል፤ እማማ «ይቅርብኝ» እንዳይሉ አደራ፣ ኢንፌክሽን የሚከላከለው እሱ ነው። ከዚያ በነጩ ክፍል ላይ፣ ከጥቁሩ ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ይወጋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በየወሩ ናቸው፣ የቀሩት ኦሲቲው እየታየ ይወሰናሉ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ከአንዱ መርፌ በኋላ ጥሩ ሲያይ «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል፣ መድኃኒቱ አልቆ ፈሳሹ ይመለሳል። በነጩ ላይ የደም ነጠብጣብ ቢታይ ምንም አይደለም። በቀናት ውስጥ ሕመሙ እየባሰ እይታው ከቀነሰ ግን በዚያው ቀን ውሰጃቸው።

ለግራው ዓይን፣ አዲስ ደም ስር ገና ላልበቀለበት ለደረቁ ዓይነት፣ መርፌ የለውም። ለዚህ ደረጃ የተፈተነው ኤሬድስ 2 የሚባለው እንክብል ነው፤ የቀን መጠኑ ቫይታሚን ሲ 500 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ኢ 400 ዩኒት፣ ዚንክ 80፣ መዳብ 2፣ ሉቲን 10፣ ዚያዛንቲን 2 ሚሊግራም። አያድንም፤ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሄድን ዕድል ይቀንሳል። ፋርማሲ ያለው ሁሉ «የዓይን ቫይታሚን» አንድ ስላልሆነ ጀርባውን አንብቢ። እማማ ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ቤታ ካሮቲን ያለበትን መልሺ፤ በአጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ዕድልን ይጨምራል። ከምግብ ጎመን ጥሩ የሉቲን ምንጭ ነው። ደረቁ ሲከፋ የሚሰጡ ሁለት መርፌዎች አሜሪካ ውስጥ በ2023 ተፈቅደዋል፤ የሞተውን ቦታ መስፋፋት ያዘገያሉ እንጂ እይታ አይመልሱም፣ ስለዚህ ለእነሱ ብለሽ ዕዳ አትግቢ።

ቤት ውስጥ ይህን አድርጊ። ከባለ ካሬ ደብተር 10 በ10 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁረጪ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አድርጊበት፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። እማማ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቀው፣ ቀኙን በመዳፋቸው ሸፍነው በግራው ነጥቡን ይዩ። ሁለቱን ከፍተው ካዩ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለትና ምንም አይታወቅም። መስመሩ ከተጣመመ ወይም መሀሉ ከጠፋ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ለሐኪሞቹ ደውዪላቸው።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ የሚነሳውን ኦሲቲ ላኪልኝ፤ ከዚህኛው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ እጽፍልሻለሁ። እማማን ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ