ስለ ላፕቶፕ ስትጽፉ ኪቦርዱን አትዝለሉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አዳዲስ ላፕቶፖች ሲጻፍ ፕሮሰሰሩና ክብደቱ ይተነተናል፤ እጅ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ኪቦርድ ግን ይዘለላል።

የሌኖቮን ላፕቶፕ ቲንክፓድን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2012፣ ቲ430 የተባለው ሞዴል ሲመጣ፣ ሰባት የነበረው የቁልፍ ረድፍ ስድስት ሆነ። ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሱት ቁልፎች (PgUp እና PgDn) ከላይ ቀኝ ጥግ ወርደው ከቀስቶቹ ጎን ተሸጎጡ፤ ስክሪን ፎቶ የሚያነሳው ቁልፍ ደግሞ በቀኙ አልትና ኮንትሮል መካከል ገባ። አሮጌውን አቀማመጥ የለመደ ጣት ሳያየው ይነካዋል።

የአፕል «ቢራቢሮ» ቁልፍ (2015) የባሰ ነበር። ሲጫኑት የሚወርደው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባችበት ወይ አይጽፍም ወይ ፊደሉን ይደግማል። ኪቦርዱ ከላይኛው ክፈፍ ጋር የተያያዘ፣ ባትሪውም እዚያው የተለጠፈ በመሆኑ፣ ለአንዲት ቁልፍ ሲባል ሁሉም ይቀየራል። በ2019 ወደ መቀስ መሰሉ ስልት፣ ወደ አንድ ሚሊሜትር ገደማ፣ መመለስ ተጀመረ። አራት ዓመት ቆየ ማለት ነው!

ስክሪኑም ተቆርጦ ነበር። የስፋትና የቁመቱ ምጣኔ ከ16:10 ወደ 16:9 ሲኬድ 1200 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) የነበረው ቁመት 1080 ሆነ። አንድ የጽሑፍ መስመር 20 ፒክሰል ቢሆን ስድስት መስመር ቀረ ማለት ነው፤ ለፊልም ይመቻል፣ ለጽሑፍ ግን አይመችም። ደግነቱ 16:10 እየተመለሰ ነው።

ገዢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የሞዴሉን የጥገና መመሪያ አውርደው ይዩ፦ ኪቦርዱ የራሱ የመለዋወጫ ቁጥር ካለውና በብሎን ከታሰረ ለብቻው ይቀየራል፤ በፕላስቲክ ከተበየደ ግን ከነክፈፉ ነው የሚገዛው።